በኮቴ የተለካ ሱሪ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን የታክሲ ማዞሪያ አልፎ ዳገቱን ለሚወጣ ሰው፣ መንገዱ ጠበብ ብሎ የባሕር ዛፍ ሽታ መምጣት ከሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ በስተቀኝ አንዲት በቆርቆሮ የተሠራች ልብስ መስፊያ ቤት አለች። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ የካውያ ጠረጴዛና አንድ በርጩማ ይዛ ሞልታለች። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛው ደጅ ቆሞ ነው የሚነጋገረው። ባለቤቷ ጋሽ ሙዘይን ይባላሉ። ሙሉ ልብስም፣ ቀሚስም ሲሰፉ ኖረዋል፤ ስም ያወጣላቸው ግን ሱሪ ማሳጠር ነው፣ ያውም ጂንስ። ከጉራራም ከቀበናም፣ አንዳንዴም ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሰው ጂንሱን በፌስታል አንጠልጥሎ ይመጣል።

ጋሽ ሙዘይን የስልጤ ሰው ናቸው። በአሥራ አራት ዓመታቸው አጎታቸውን ተከትለው አዲስ አበባ ገቡና መርካቶ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ቁልፍ በመትከል ጀመሩ። ሱሪ ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ የሚዘረጋበትን ዘመን ደርሰውበታል። ከዚያም የወታደር ካኪ ብቻ የተሰፋበትን ዘመን አሳለፉ። በኋላ ወጣቱ እግሩ ላይ የተለጠፈ የሚመስል ሱሪ ሲያመጣም፣ «በየት በኩል አስገባኸው?» እያሉ ማጥበቡን ሠርተውታል። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ አስያ ጋር አርባ አንድ ዓመት ኖረው አምስት ልጆች አሳድገዋል። ከልጆቻቸው አንዱም የመርፌን ነገር አልወደደም።

ዘሙሩድ ወደዚህ ቤት የገባችው የዛሬ ስድስት ዓመት ነው። ባሏ ቶፊቅ በፈረንሳይና በአራት ኪሎ መካከል ሚኒባስ ይነዳል። አንድ ቀን ሱሪ ሊያሳጥር ገብቶ ሳለ ጋሽ ሙዘይን ሥራ እንደበዛባቸው ሲያማርሩ ሰማና፣ ሚስቱ ከአገር ቤት ስትመጣ የስፌት ሙያ ይዛ እንደመጣች ነገራቸው። በማግሥቱ ዘሙሩድ መጣች። መጋረጃና የተማሪ ዩኒፎርም እንጂ ጂንስ ነክታ እንደማታውቅ አልደበቀችም። እሳቸውም ይህን ማመኗን ወደዱላትና ሁለተኛው መኪና ላይ አስቀመጧት።

ጂንስ ማሳጠር ለእሷ ቀላል ነገር ነበር። ለክቶ መቁረጥ፣ አጥፎ መቀምቀም፣ አለቀ። ይህን አሳቧን ጋሽ ሙዘይን በአንድ ጠዋት አፈረሱባት። አራት ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እያንዳንዱን እንዴት እንደምትቀመቅመው ጠየቋት። ሁሉንም እኩል አጥፋ በወርቃማው ክር እንደምትመታው ነገረቻቸው። እሳቸውም መጀመሪያ አንዱን አነሱና ጨርቁን በጣታቸው እያሹ፣ ይህ የግንበኛ ነው፣ ሲሚንቶው ጫፉን ይበላዋልና ወፍራም ድርብ ቅምቅማት ይፈልጋል አሏት። ሁለተኛው ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ ሱሪ ነው፤ አራት ጣት ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ ካልተቀመጠ እናቱ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ሱሪ ልትገዛ ነው። ሦስተኛው ጫፉ ላይ በመታጠብና በመታሸት ነጣ ጠቆር ያለ መስመር አውጥቷል። የሱሪው ጌታ የሚወደው ያንን መስመር ስለሆነ፣ ትርፉን ከላይ ቆርጦ ያንኑ አሮጌ ጫፍ መልሶ መግጠም ነው እንጂ አዲስ ጫፍ ቢወጣለት ሱሪው ውሸታም ይሆናል። አራተኛውን የአንዲት ኮረዳ ነው አሏት፤ እሷስ ከነጭራሹ እንዳይቀመቀምላት፣ ክሩ እንዲበተን ነው የምትፈልገው።

«ጂንስ ዕድሜውን የሚጽፈው ጫፉ ላይ ነው» አሏት ሲጨርሱ። «አንቺ ልትቆርጪ የተዘጋጀሽው ያንን ጽሑፍ ነው።»

ዘሙሩድ ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለቶፊቅ ስታወራ አመሸች። አጃኢብ ነው ትለው ነበር፤ አንድ ሰው ጨርቅ አሽቶ የሰውን ኑሮ ያውቃል ወይ?

ከዚያ ወዲያ ብዙ አየች። ጋሽ ሙዘይን ሱሪ ሊያሳጥር የመጣን ሰው አቁመው አይለኩም። መጀመሪያ የሚጫማውን ጫማ ይጠይቁታል። ቀጥሎ ደጅ አውጥተው ዳገቱን ጥቂት ያስወጡትና ቁልቁል ይመልሱታል። ሜዳ ላይ ልክ የሆነ ሱሪ እዚህ ሰፈር ልክ አይደለም ይላሉ፤ ሽቅብ ሲወጣ ጉልበት ጨርቁን ይስበዋል፣ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ ተረከዝ ይረግጠዋል። የሚቸኩሉ ሰዎች በዚህ ይናደዱ ነበር፤ ሱሪያቸውን ከወሰዱ በኋላ ግን ወንድምና እህታቸውን ይዘው ይመለሳሉ።

ዓይናቸው እየደከመ መሆኑን ዘሙሩድ ያወቀችው በክር ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጠዋት በወርቃማ ክር መሰፋት የነበረበትን ጂንስ በሰማያዊ ክር ሲሰፉ አየች። የደንበኛው ምርጫ መስሏት ዝም አለች። በማግሥቱም እንዲሁ አደረጉ። በሦስተኛው ቀን የክር ጥቅሎቹን በወርቃማ፣ በሰማያዊና በነጭ ለይታ እንደ ተራ ነገር አስቀመጠችና የቱ የት እንዳለ ጮክ ብላ ለራሷ እንደምትናገር ሆና ተናገረች። ጋሽ ሙዘይን መኪናቸውን አቆሙ። የዓይን ግፊት እንደሆነ፣ ሐኪሙ የጠፋውን መመለስ አይቻልም፣ የቀረውን ግን በጠብታ እናቆየዋለን እንዳላቸው፣ ለወይዘሮ አስያም ገና እንዳልተናገሩ ነገሯት። እይታቸው ከዳርና ከዳር እየጠበበ መጥቶ፣ ነገሩን ሁሉ በቧንቧ ቀዳዳ የሚያዩ ያህል ሆነዋል። የዚያን ዕለት ዘሙሩድ ያለቻቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለእትዬ አስያ ይንገሯቸው።» እሳቸውም በዚያው ምሽት ነገሯቸው።

ከዚህ በኋላ የቤቱ ሥራ መልኩን ለወጠ። መኪናው ላይ የምትቀመጠው ዘሙሩድ ሆነች፤ ጋሽ ሙዘይን በርጩማቸው ላይ ሆነው ጨርቁን እየዳሰሱ ይናገራሉ፣ እሷ ትቆርጣለች፣ ትሰፋለች። ደንበኛው ዳገቱን ሲወጣና ሲወርድ ዱሮ የሚመለከቱት ሰው አሁን ጆሮአቸውን ወደ በሩ ሰጥተው ይቀመጣሉ። ዘሙሩድ ይህን መጀመሪያ የሽማግሌ ልማድ አድርጋ ነበር የወሰደችው። እግሩ የሚያመውን ሰው ሳይነግራቸው ሲያውቁበት፣ ጫማው አዲስ የሆነበትንና በሌላ ሰው ጫማ የመጣውን ሲለዩ ግን ነገሩ ልማድ ብቻ እንዳልሆነ ገባት። ሃምሳ ዓመት በዓይናቸው ያዩት እርምጃ ሁሉ ድምፅ ነበረው፤ ዓይናቸው ሥራውን ሲተው ጆሮአቸው የሚያውቀውን ይዞ ቀረ።

ፍቅርአዲስ የመጣችው በመጋቢት ወር፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት የሚሆናት፣ መሬት የሚደርስ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ናት። ሁለት ሰዎች ጨርሰው እስኪወጡ ደጅ ቆማ ጠበቀች፤ ማንም እንዳልቀረ ካየች በኋላ ነው የገባችው። እንጦጦ ፓርክ ውስጥ እንደምትሠራ፣ እስካሁን ተቀምጣ እንግዳ የምትመዘግብ እንደነበረች፣ አሁን ግን በጫካው መንገድ ጎብኚዎችን እየመራች የምትሄድ እንድትሆን እንደተመረጠች ነገረቻቸው። የሚመሩት ሁሉ አረንጓዴ ጃኬትና ጂንስ ይለብሳሉ። እሷ ደግሞ በሰባት ዓመቷ መኪና ገጭቷት ግራ እግሯ ከቀኙ ሦስት ጣት ያህል አጥሮ ቀርቷል። ዕድሜዋን ሙሉ ሱሪ ለብሳ አታውቅም።

ከፌስታሉ ሁለት ጂንስ አወጣች። አንደኛውን ሌላ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳው ነበር። ሰውዬው በሜትር ለክቶ ግራውን በሦስት ጣት አሳጠረላት። ለብሳው ስትሄድ የግራው ጫፍ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወጥቶ ቁጭ አለ፤ እግሯን የደበቀላት ሳይሆን በጣት የጠቆመባት ሱሪ ሆነ። ሁለተኛውን ማንም አልነካውም።

«የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» አለች። «ሰው እንዳያይብኝ አድርገው ሊሠሩልኝ ይችላሉ?»

ዘሙሩድ ሜትሩን አንስታ ልትንበረከክ ስትል ጋሽ ሙዘይን ሜትሩን እንድትተወው ነገሯት። ልጅቷን ከመጋረጃው ኋላ ገብታ ያልተቆረጠውን ሱሪ እንድትለብስ፣ እንዳትረግጠውም ወደ ላይ እንድትጠቀልለው፣ ከዚያ እስከ ላይኛው ሱቅ ሄዳ እንድትመለስ አዘዟት። ፍቅርአዲስ መንገዱን አየች። ሰው ይወጣል ይወርዳል፤ ታክሲ የሚጠብቁም ቆመዋል። ፊቷ ላይ የመጣውን ሐፍረት ዘሙሩድ አየችው፤ ጋሽ ሙዘይን ግን ማየት አያስፈልጋቸውም ነበር።

«እኔ አላይሽም» አሏት፣ በርጩማቸውን ወደ ግድግዳው እያዞሩ። «ባይም ብዙ አይታየኝም።»

ልጅቷ ፈገግ አለችና ወጣች።

ጋሽ ሙዘይን ፊታቸውን ወደ ክሮቹ አዙረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። አንድ የጭነት መኪና እየጓራ ሲወጣ እጃቸውን አነሱ፤ ዘሙሩድ ደጅ ወጥታ ፍቅርአዲስን እስኪያልፍ ድረስ አስቆመቻት። ሦስት ጊዜ አመላለሷት። በሦስተኛው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚቆጥሩ ይመስላሉ። ዘሙሩድም ለመስማት ሞከረች፤ ከታክሲ ጩኸትና ከሰው ወሬ በቀር ምንም አልለየችም።

ልጅቷ ስትመለስ እንድትቀመጥ ነገሯት። ከዚያም እንዲህ አሏት፦

«ልብስ ሰፊ ፊት ስትቆሚ ሁለቱንም ተረከዝሽን መሬት ታስነኪያለሽ። ስትሄጂ ግን ግራ ተረከዝሽ መሬት ነክቶ አያውቅም። በጣትሽ ነው የምትራመጂው፤ የጎደለውን ከፍ ብለሽ ትሞዪዋለሽ። ያ ሰው የለካው የቆመችውን ነው፤ ሱሪውን የምትለብሰው የምትሄደዋ ናት።»

ፍቅርአዲስ ጫማዋን ስታይ ቆየች።

«ይሄን የነገረኝ አጥንት ሐኪሙ ብቻ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እሱም በራጅ አይቶ ነው።»

ዘሙሩድ ከእኚህ ሽማግሌ ጎን ስድስት ዓመት ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያለውን ባሕር ጥልቀት ግን ያን ቀን ነው ያየችው። ሱብሃነላህ አለች በልቧ፤ ሰውን በአንድ በር የነሳኸውን በሌላ በር የምታስገባለት ጌታ።

ሥራው ግን ከማወቁ የባሰ ከባድ ነበር። ጋሽ ሙዘይን የፈለጉት ሁለቱ እግሮች ከፊት በኩል እኩል እንዲሆኑ፣ ግራው ግን ከኋላ ሁለት ጣት እንዲረዝም ነው፤ ተረከዟ ከመሬት ሲነሳ ጨርቁ ወርዶ እንዲሸፍነው። በዚያ ላይ የፋብሪካውን ጫፍ መልሰን እንግጠምበት አሉ። አዲስ ቅምቅማት የሰውን ዓይን ወደ ታች ይጠራል፤ ሁለቱ ጫፎች እንደተወለዱ ካልሆኑ ሰው ምክንያት ይፈልጋል። ችግሩ የፋብሪካው ጫፍ ቀጥ ያለ መሆኑ ነው፤ የሚገጠምበት ቆረጣ ደግሞ ሰያፍ ሊሆን ነው። ቀጥ ያለውን በሰያፉ ላይ ሲያሳርፉት አንድ ቦታ ይሸበሸባል፣ አንድ ቦታ ያጥራል።

በማግሥቱ ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ጀመሩ። ዘሙሩድ ቆረጠች። ጋሽ ሙዘይን የተቆረጠውን ጫፍ በረጠበ ጨርቅ ሸፍነው ካውያውን እያሳረፉ፣ ከኋላ በኩል የሚመጣውን ክፍል በጣታቸው ጥቂት በጥቂት ሳቡት። ካውያው የት እንዳለ በሙቀቱ ያውቁታል። ጨርቁ መጀመሪያ እምቢ አለ፤ ቆይቶ እንደ ሊጥ ታዘዘ። የጎኑ ስፌት የሚገናኝበት ቦታ ስድስት እጥፍ ሆኖ ከመርፌው አቅም በላይ ስለሆነ፣ በትንሽ መዶሻ ቀጥቅጠው አለዘቡት። ዘሙሩድ ቁጥር አሥራ ስምንት መርፌ ተክላ፣ ፔዳሉን ትታ የመኪናውን ጎማ በእጇ እያዞረች፣ አንድ አንድ ስፌት አሳለፈች። እሳቸው አንድ ጣታቸውን ከመርፌው ፊት ፊት እያስሄዱ፣ «ቀጥዪ፣ ቀጥዪ፣ አሁን ልቀቂው» ይሏታል። መርፌው ያን ጣት የሚወጋው እየመሰላት ላብ ጀርባዋ ላይ ወረደ። አዲሱ ስፌት ከአሮጌው ጫፍ ሥር ባለው ስርጉድ ውስጥ ተኝቶ ጠፋ። ሲያልቅ ጋሽ ሙዘይን ጫፉን ዞሮ እስኪገጥም በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። ሁለት ቦታ አስፈቷት፣ እንደገና ሰፋችው። ለዓስር ሰላት ሲጠራ ጨረሱ።

ቅዳሜ ጠዋት ፍቅርአዲስ በአረንጓዴው ጃኬት መጥታ ሱሪውን ለበሰችው። መስታወቱ ፊት አልቆመችም፤ በቀጥታ ወደ መንገዱ ወጣች። ዘሙሩድ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ልጅቷ ሽቅብ ስትወጣ የሁለቱ እግሮች ጫፍ እኩል ይወድቃል፣ እኩል ይነሳል። ግራ ተረከዟ ከፍ ሲል ጨርቁ አብሮት ከፍ አይልም፤ ወርዶ ይጠብቀዋል። ሁለት ሴቶች አልፈዋት ሄዱ፤ አንዷ ስለ ጃኬቷ ቀለም የሆነ ነገር ለሌላዋ ስትነግራት ተሰማ። ስለ እግሯ ማንም ምንም አላለም። ፍቅርአዲስ እስከ ላይኛው ሱቅ ከወጣች በኋላ አልተመለሰችም፤ ከዚያም አልፋ፣ መታጠፊያውን አልፋ ከዓይን ጠፋች። ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው እያለከለከች የመጣችው፤ ቀሚሷንና ፌስታሏን ረስታ ነበር።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እሁድ ከሰዓት ቶፊቅ ሦስቱን፣ ጋሽ ሙዘይንን፣ ወይዘሮ አስያንና ዘሙሩድን፣ በሚኒባሱ ወደ እንጦጦ አወጣቸው። ፍቅርአዲስ ናት ኑልኝ ያለቻቸው። ጋሽ ሙዘይን ይህን ሁሉ ዓመት ከተራራው ግርጌ ተቀምጠው ሲሰፉ፣ ፓርኩ ከተከፈተ ወዲህ አንድ ቀን ወጥተውበት አያውቁም። ዘሙሩድም እንደዚያው። ከላይ ሆና ከተማዋን አየች። የምትኖርበት ሰፈር የቱ ጋ እንደሆነ ፈልጋ አጣችው፤ ጣሪያው ሁሉ ተደባልቆ፣ ረጃጅሙ ፎቅ ሳይቀር እንደ ክር ጥቅል ተደርድሮ፣ ከዚያ ማዶ ሜዳው ጭጋግ ሆኖ ይሄዳል። ይህ ሁሉ ሕዝብ ሱሪና ቀሚስ ለብሶ እዚያ ውስጥ እየተመላለሰ ነው ብላ አሰበች፤ እያንዳንዱን ጫፍ ደግሞ አንድ ሰው ተቀምጦ ቀምቅሞታል። ጋሽ ሙዘይን ምን እንደምታይ ሲጠይቋት ብዙ ነው አለቻቸው።

ጥቂት ቆይቶ ፍቅርአዲስ ሃያ የሚሆኑ ጎብኚዎች አስከትላ በጠጠሩ መንገድ ከዛፎቹ መሐል ወጣች። ፊታቸው ሆና ወደ ኋላ እየዞረች ታስረዳቸዋለች፣ ትስቃለች፣ ቅርንጫፍ ስታገኝ ከፍ አድርጋ ታሳልፋቸዋለች። ሁሉም የሚያዩት ፊቷንና የምትጠቁምበትን ነበር። ወይዘሮ አስያ ይህን አይተው የነጠላቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጋሽ ሙዘይን ጆሮአቸውን ሰጥተው ሰልፉ ካለፈ በኋላ፣ ከኋላ የነበረው ሰውዬ ሱሪ ረዝሞበት ጠጠር እየጠረገ ነው፣ ጥሩት ብለው አሳቋቸው።

ክረምቱ ገባ፣ ወጣ። መስከረም አጋማሽ ላይ ፍቅርአዲስ ተመለሰች። ልጅቷ ገና ሳትገባ ዘሙሩድ አንድ ነገር እንደተለወጠ አየች፤ ግራ ጫማዋ ሶሉ ሦስት ጣት ያህል ተደርቦበታል። ወራት ሙሉ በጣቷ ዳገት ስትወጣ ወገቧን አሟት ሐኪም ዘንድ ሄዳ ነበር። እንዲህ ከቀጠለች በሠላሳ ዓመቷ መሄድ እንደሚያቅታት ነግሯት፣ ሶል የተደረበ ጫማ አዘዘላት። ጫማውን ካደረገች ወዲህ ወገቧ ተሻላት፤ ተረከዟም እንደማንኛውም ሰው ያርፋል። ሱሪው ግን አሁን አይሆንም። ከኋላ የረዘመው ጨርቅ ወፍራሙ ሶል ላይ እየተንጠለጠለ ጭቃ ይሰበስባል፤ ሶሉም ከሥሩ ብቅ እያለ ይታያል።

ዘሙሩድ ወዲያው መላ አገኘች። ያ የተበላሸው አንደኛው ሱሪ እቤቷ ካለ፣ ከእሱ ጨርቅ ቆርጠው ጫፉን ያስረዝሙታል፤ ሶሉን ጭምር ይሸፍናል፤ ቅጥያውን ማንም አያውቀውም።

ፍቅርአዲስ ራሷን ነቀነቀች። «ቁረጪው» አለች። «ከቁርጭምጭሚት በላይ። ሁለቱንም እኩል።»

«ጫማው ይታያላ።»

«ይታይ። ጭቃው ሰለቸኝ።» ቀጠለችና፦ «ባለፈው አንዲት ሕፃን ከኋላዬ እየሄደች ጫማሽ ለምን ወፈረ አለችኝ። ነገርኳት። እሺ ብላ ስለ ፈረሶቹ ጠየቀችኝ።»

ዘሙሩድ መቀሱን አንስታ መልሳ አስቀመጠችው። ያ ሰያፍ ጫፍ በሕይወቷ የሠራችው ከባዱ ሥራ ነበር። ከጋሽ ሙዘይን እጅ የወጣ፣ ከእንግዲህ ላይደገም የሚችል ሥራ ነው። ወደ እሳቸው ዞራ ምን ላድርግ አለቻቸው። አንድ ቃል ቢተነፍሱ ልጅቷን ልታግባባት ተዘጋጅታ ነበር።

በጋሽ ሙዘይን ፊት ላይ ግን ምንም ቅሬታ አልነበረም። ፍቅርአዲስን ውጪና ሂጂ አሏት። ወጣች፣ ሄደች፣ ተመለሰች። ከዚያም ወደ ዘሙሩድ ዘንበል አሉ።

«ምን ሰማሽ?»

ዘሙሩድ የሰማችውን ለማስታወስ ሞከረች። ታክሲ፣ የውሻ ጩኸት፣ ከላይ የሚወርድ የጎርፍ ውኃ። መዋሸት አልፈለገችም።

«ምንም አልሰማሁም ጋሼ።»

«እንግዲያው በዓይንሽ ቁረጪው» አሉ ጋሽ ሙዘይን። «ዓይን አለሽ አይደል?»

ሳቋ አመለጣት። ፍቅርአዲስን ጋሽ ሙዘይን በለቀቁት በርጩማ ላይ አስቁማ ተንበረከከችና ሁለቱንም እግር ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። አሁን በሁለቱም ተረከዟ የቆመች፣ ወገቧ የተስተካከለ ልጅ ናት፤ የቆመችውና የምትሄደዋ አንድ ሆነዋል። ዘሙሩድ ከቁርጭምጭሚቱ አንድ ጣት ከፍ አድርጋ በሳሙና አሰመረች። ከዚያ ሱሪውን አስወልቃ ቆረጠችው። ጨርቁ ወፍራም ስለሆነ መቀሱ ድምፅ ያወጣ ነበር። ስለ ጫፉ ፍቅርአዲስ እንደ ፋብሪካው አድርጊው አላለችም፤ አጥፋ በወርቃማው ክር ሁለት ጊዜ እንድትመታው፣ ክሩም እንዲታይ ነው የጠየቀቻት። አንድ ሰዓት ያልሞላ ሥራ ነበር።

ልጅቷ ለብሳው ወጣች። ሁለት ቀጭን ቁርጭምጭሚት፣ አንድ ወፍራም ጫማ፣ አንድ ቀጭን ጫማ። የፓርኩ ሰርቪስ ከታች እየመጣ ነበር፤ እሷ ግን አልሮጠችም፤ እየሄደች እጇን አነሳች፣ ሹፌሩ አቆመላት። ዘሙሩድ በሩ ላይ ቆማ ሰርቪሱ መታጠፊያውን እስኪያልፍ አየችው። በመጋቢት ያ ጫፍ ሲያልቅ የተሰማትን ታስታውሰዋለች፤ የዛሬው ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ግን ራሷም አታውቀውም።

ስትመለስ የተቆረጡት ሁለት ቁራጮች መሬት ላይ አልነበሩም። ያን የግራውን አንስታ ልታስቀምጠው አስባ ነበር። ጋሽ ሙዘይን የእሳቸውን የስፌት መኪና ክዳን ከፍተው ዘይት እያጠጡ ነው። የፈሰሰውን ዘይት የሚጠርጉበት ጨርቅ ያው ሰያፉ ጫፍ ነበር፤ ግማሹ ጠቁሯል። ሳያዩ ያነሱት ይሁን ወይስ እያወቁ፣ ዘሙሩድ አልጠየቀቻቸውም። ክዳኑን ዘግተው ጣታቸውን በዚያው ጨርቅ ጠረጉና፣ ደጅ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ካለ እንዲገባ ንገሪው አሏት።